የኦሎኮ ቆጠራ፦ የ1929ኙ የኢግቦ ሴቶች ጦርነት እንደ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ቀድሞ የቤንዴ አውራጃ ይባል በነበረው አካባቢ፣ ኦሎኮ የምትባል የኢግቦ ሕዝብ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1929 (በእኛ ኅዳር 1922 ዓ.ም.) አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር ሰውና ከብት ሊቆጥር ወደ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ገባ። ወር ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ ከ15,000 ስኩዌር ኪሎሜትር በሚበልጥ አገር ላይ ሴቶች ተነሡ፤ 16 የአገሬው ፍርድ ቤቶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ ከ50 በላይ ሰዎች በወታደርና በፖሊስ ጥይት ሞቱ። ኢግቦዎቹ ነገሩን «የሴቶች ጦርነት» ይሉታል። የቅኝ ገዥው መዝገብ ደግሞ አባ በምትባል ከተማ ስም «የአባ ሁከት» ብሎ አስፍሮታል።

ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ትኩረቱ ተኩሱ ላይ ነው። ከሕዝብ ጋር ለሚሠራ ሰው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የኦሎኮ ምዕራፍ ነው፤ ጥያቄው እዚያ ያለ አንድ ጥይት ተመልሶ ነበርና። ያው ጥያቄ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ኦፖቦ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ በደም አለቀ። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የነበረውን የአሠራር ልዩነት ይመረምራል። ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። የጉዳዩ ተሳታፊዎች በስም ሳይሆን በድርሻቸው ተጠቅሰዋል።

ዳራ

አብዛኛው የኢግቦ አገር ንጉሥ አልነበረውም። ኦኒቻንና ንሪን የመሰሉ የንግሥና ማዕረግ የነበራቸው ቦታዎች ቢኖሩም፣ በኦሎኮ አካባቢ ነገር የሚቆረጠው በመንደር ሸንጎ ነበር። የየዘሩ ታላቅ ኦፎ የሚባል የተቀደሰ በትር ይይዛል፤ በትሩ ከአባቶች የወረደ ሥልጣንና የእውነት ምልክት ነው። ሆኖም ባለ ኦፎው ብቻውን አይፈርድም። ሸንጎው ካልተስማማ ነገሩ ለሌላ ቀን ያድራል። የዕድሜ እኩዮች ማኅበራት መንገድ ይጠርጋሉ፣ ገበያ ይጠብቃሉ፣ የተወሰነውን ያስፈጽማሉ።

ለዚህ ጉዳይ ቁልፉ የሴቶቹ አደረጃጀት ነው። ኢግቦ ከዘሩ ውጭ ስለሚያገባ ሴት ልጅ የምትዳረው ወደ ሌላ መንደር ነው። ስለዚህ አንዲት ያገባች ሴት የሁለት ማኅበር አባል ትሆናለች፤ በተወለደችበት ቦታ ኡሙአዳ የሚባለው የዘሩ ሴቶች ልጆች ማኅበር፣ ባገባችበት ቦታ ደግሞ የሚስቶች ማኅበር። የሚስቶቹ ስብሰባ የገበያ ደንብ ያወጣል፣ የሴቶችን ጠብ ይዳኛል፣ ሚስቱን የሚያንገላታ ወይም ከብቱን በሴቶች ማሳ ላይ የሚለቅ ወንድን ይቀጣል።

የመጨረሻው ቅጣት «በሰው ላይ መቀመጥ» ይባላል፤ ሥርዓቱም የታወቀ ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ጥፋተኛው ግቢ ይሄዳሉ። ጥፋቱን በዘፈን እየዘረዘሩ ይጨፍራሉ፤ ያም የሚባለውን የሥር ተክል በሚወቅጡበት ዘነዘና የቤቱን ግድግዳ ይደበድባሉ። እልኸኛ ከሆነ ጎጆውን እስከ ማፍረስ ይደርሳሉ። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ እስኪመለስ ድረስ አይለቁትም፤ ሌሎች ወንዶችም ጣልቃ አይገቡም። ቅጣቱ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ሁሉም ወገን የሚያውቀው አሠራር ነበር።

እንግሊዞች በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአገሬው ፍርድ ቤቶችን ሲያቋቁሙ ይህን ሁሉ ከቁጥር አላስገቡትም። እዚያም እዚያም አንድ አንድ ሰው መርጠው የሹመት ወረቀት ሰጡ። እነዚህ ባለ ወረቀት ሹሞች ከነዋሪው ሸንጎ የወጡ አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ በአገሩ ደንብ ምንም ቦታ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። አንድ ፍርድ ቤት እርስ በርስ የማይገናኙ ብዙ መንደሮችን ይዳኛል። መዝገቡን የሚይዘውም መጥሪያውን የሚያወጣውም እንግሊዝኛ የሚጽፈው ጸሐፊ ስለነበር፣ በተግባር ከዳኞቹ የሚበልጠው እርሱ ሆነ። ጉቦ ተለመደ። ሹሞቹ ሴቶችን ያለ ፈቃዳቸው፣ የማጫውንም ሙሉ ዋጋ ሳይከፍሉ ያገባሉ የሚል ቅሬታ በየቦታው ነበር። በችሎቱ ላይ ሴት የተቀመጠችው እጅግ በጥቂቱ ነው። የሚስቶች ማኅበር በመንግሥት ዘንድ የለም፤ ስለዚህ አቤቱታውን የሚያቀርብበት በር አልነበረውም።

የእንግሊዝ ገዥ የነበረው ሉጋርድ በ1914 ሰሜንና ደቡብ ናይጄሪያን ካዋሐደ በኋላ ይህ አገዛዝ ይበልጥ ጠበቀ። በሰሜን ግብር የሚሰበስብ የቆየ የኤሚር (የሙስሊም ገዥ) ቤት ነበር፤ በኢግቦ አገር ያ መሠረት የለም፤ ወረቀቱ ብቻ ነበር።

ችግሩ እንዴት ተጠራቀመ

ቀጥተኛ ግብር በደቡብ ምሥራቅ የተደነገገው በ1927 ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው በ1928። አሠራሩ የአንድ አዋቂ ወንድ አማካይ ዓመታዊ ገቢ ተገምቶ 2.5 በመቶው እንዲከፈል ነበር። ለግምቱ የወንዶች ቆጠራ ተደረገ፤ ቆጠራውን ግብሩ ተከተለው። ከዚያ ወዲህ በሕዝቡ ዘንድ መቆጠር ማለት መክፈል ማለት ሆነ።

በ1929 የዘንባባ ዘይትና የአስኳሉ ዋጋ ወረደ። እዚህ ላይ የቤት ውስጥ ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዘይቱ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ በአብዛኛው የወንዱ ነው፤ ፍሬው ተሰብሮ የሚወጣው አስኳል ግን የሴቷ የግል ገንዘብ ነው። የባሏን ግብር ለመሙላት ከዚህ ገንዘብ አውጥታ የረዳች ሴት ጥቂት አልነበረችም። ግብሩ በራሷ ላይ ቢመጣ የሚነካው የምትነግድበትን መነሻ ነው።

ምልክት አልጠፋም ነበር። በ1925 ከኦኪግዌ አካባቢ የተነሡ ጨፋሪ ሴቶች ከመንደር መንደር እየሄዱ ግቢ ይጠርጉ፣ ወደ ቀድሞው ልማድ ተመለሱ ይሉ፣ የእንግሊዝን ሳንቲም ይነቅፉ ነበር። አስተዳደሩ ይህን እንደ እንግዳ ነገር አይቶ አለፈው። ሴቶች በሰፊ አገር ላይ ተናበው መንቀሳቀስ እንደሚችሉ ግን ያኔውኑ ታይቶ ነበር።

በሴፕቴምበር 1929 ገደማ ቤንዴ ላይ የተመደበ ተጠባባቂ የአውራጃ አስተዳዳሪ የግብር መዝገቡን አይቶ ጎዶሎ ነው አለ። በኦክቶበር ባለ ወረቀት ሹሞቹን ሰብስቦ የሚስቶች፣ የልጆችና የከብት ቁጥር እንዲጨመር አዘዘ። በእርሱ ዓይን ይህ መዝገብ ማስተካከል ነው። ግብሩ የሚሰላው በአዋቂ ወንድ ስለሆነ አዲሶቹ ዓምዶች ለስሌቱ አያስፈልጉም ነበር፤ ጉዳዩን ከሁሉ አሳዛኝ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የኦሎኮ ሹም ሥራውን ለመምህሩ ሰጠ። መምህሩ ከግቢ ግቢ እየዞረ መቁጠር ጀመረ። ሸንጎ አልተጠራም፤ ለሚስቶች ማኅበርም የተነገረ ነገር የለም። ሴቶቹ ግን አስቀድመው ተሰብስበው ተማክረዋል፤ ወሬ ብቻ ከሆነ ዝም እንበል፣ ሴት መቆጠሯ በተግባር ከታየ እንነሣ ብለው ወስነው ነበር።

ኦሎኮ ላይ የተወሰደው እርምጃ

መምህሩ ሲደርስ ሴትየዋ ዘይት እያወጣች ነበር። ፍየሎቿን፣ በጎቿንና ሰዎቿን እንድትቆጥር ጠየቃት። «ባሏ የሞተባት እናትህ ተቆጥራለች ወይ?» አለችው። ተናነቁ። ሴትየዋ በቀጥታ ወደ ሴቶቹ ስብሰባ ሄዳ የሆነውን ተናገረች። የተጠበቀው ማስረጃ ተገኘ።

ጥሪው የሄደው በለጋ የዘንባባ ቅጠል ነው። ቅጠል የደረሳት ሴት ለሌላዋ ታቀብላለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ 10,000 ያህል ሴቶች ኦሎኮ ገቡ ተብሎ ይገመታል። የፍጥነቱ ምክንያት ምስጢር የለውም። እያንዳንዷ ሚስት የትውልድ መንደር አላት፤ የኢግቦ ሳምንት ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ እና ንክዎ የሚባሉ አራት የገበያ ቀናት ያሉት ስለሆነም ሴት በየአራት ቀኑ ከሌላ መንደር ሴት ጋር ትገናኛለች። አስተዳደሩ በመልእክተኛ የሚያደርሰውን ወሬ ገበያው ይቀድመዋል።

ሴቶቹ ሹሙ ግቢ ሄደው በደንቡ መሠረት ተቀመጡበት፤ የሹመት ቆቡን እንዲያስረክብ ጠየቁ። እርሱና ሰዎቹ አንዳንዶቹን ሴቶች ደበደቡ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ሁለት ሆነ፦ ሴቶች ግብር እንደማይከፍሉ በጽሑፍ ይረጋገጥልን፣ ሹሙም ይነሣና ይፈረድበት። በየቀኑ የሚዘፍነው ሕዝብ ግቢውን ከቦ ሲቆይ፣ ሦስት አንደበተ ርቱዕ ሴቶች ከአውራጃው አስተዳዳሪ ጋር ንግግሩን ያዙ።

ወደ ቦታው የተመለሰው የአውራጃ አስተዳዳሪ አራት ነገር አደረገ። ሴቶቹን ተቀብሎ አነጋገረ። ሴቶች ግብር እንደማይጣልባቸው በጽሑፍ ሰጠ። ሹሙን አሰረው፤ ችሎት ቀርቦም ሴቶቹን በመደብደብና ሕዝብ የሚያሸብር ወሬ በመንዛት ሁለት ዓመት ተፈረደበት። በመጨረሻም ሦስቱን ሴቶች ሌሎች ቦታዎች ላይ ሕዝቡን እንዲያረጋጉ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ሄዱ። የኦሎኮ ሴቶች ተበተኑ፤ ከሌሎች መንደሮች የመጡትም ለኦሎኮ ገንዘብ አዋጥተው እየሰጡ ተመለሱ።

ከኦሎኮ ውጭ

የኦሎኮ ድል ወሬ ሌሎቹን አነሣሣ። ሹሙ መታሰሩን የሰሙ ሴቶች በየራሳቸው ሹም ላይ ተመሳሳይ ፍርድ ፈለጉ። እንቅስቃሴው ኢግቦን አልፎ ወደ ጎረቤቶቹ ኢቢቢዮ፣ ኦጎኒ፣ አንዶኒና ኦፖቦ ሕዝቦች ተሻገረ። ልብሳቸው አጭር ሽርጥ ነበር፤ ፊታቸውን በከሰል ወይም በአመድ ይቀባሉ፣ ራሳቸውን በቅጠል ያስራሉ፣ ዘንባባ የተጠመጠመበት በትር ይይዛሉ። ለሚያውቀው ይህ የሴት ቀደምቶችን ኃይል መጥራት ነው። ለወታደሩ መኮንን ግን የጦር ዝግጅት መሰለው።

አባ ከተማ ላይ በዲሴምበር መካከል አንድ እንግሊዛዊ የሕክምና መኮንን በመኪናው ሁለት ሴቶችን ገጨ። ሕዝቡ ባንኩንና የአውሮፓውያን መደብሮችን አጠቃ፤ እስር ቤቱም ተሰበረ። በሌሎች ቦታዎች የሹሞች ቆብ ተነጠቀ፣ ፍርድ ቤቶች ተቃጠሉ ወይም ፈረሱ። በዚህ ሁሉ መካከል ሴቶቹ የገደሉት አንድም ሰው የለም፤ ጥቃታቸው ንብረትና የሹመት ምልክት ላይ የተወሰነ ነበር።

በዲሴምበር 16 ኦፖቦ ላይ የሆነው ከኦሎኮ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ሴቶቹ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ አስተዳዳሪው መጡ፤ እርሱም በጽሕፈት መኪና አስጻፈው። ዝርዝሩ ተጠብቆ ኖሯል፦ ሴቶች ግብር እንዳይጣልባቸው፣ የግል ንብረት እንዳይቆጠር፣ ሴተኛ አዳሪዎች እንዲታሰሩ፣ ለገበያ ዳስ ኪራይ እንዳይከፈል፣ ለጭፈራ ፈቃድ ክፍያ እንዳይጠየቅ፣ አንድ በስም የተጠቀሰ ሹም የበላይ እንዳይሆን፣ ወንዶችም ግብር እንዳይከፍሉ። ከብዙ ከተሞች የመጡ ስለነበሩ ለየከተማቸው ቅጂ ጠየቁ። ቅጂው እስኪተየብ ሰዓቱ ሄደ፤ ሕዝቡ እየጨመረ አጥሩን ተጭኖ ቆመ። ወታደሮቹ ተኮሱ። እዚያ ብቻ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ኡቱ ኤቲም ኤክፖ በምትባል ቦታም ሴቶች በጥይት ወድቀው ነበር። ወታደር በሴት ላይ አይተኩስም የሚለው እምነት ብዙዎቹን ከመሸሽ አዘገያቸው።

የሠራውና ያልሠራው

ኦሎኮ ላይ የሠራው አንደኛ፣ አስተዳዳሪው የሴቶቹን ተወካዮች ተወካይ ናቸው ብሎ መቀበሉ ነው። ሁለተኛ፣ ውሳኔው በእጅ የሚያዝ ነገር ሆኖ መውጣቱ። ሦስተኛ፣ በደል የፈጸመው ሰው በዚያው ሰሞን መጠየቁ። በእኔ ግምት ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ «በሰው ላይ መቀመጥ» የሚያልቀው ጥፋተኛው ሲያምን ስለሆነ፣ የሹሙ መታሰር ደንቡ የሚጠይቀውን መዝጊያ ሰጠ።

ያልሠራው ደግሞ ማረጋገጫው የኦሎኮ ብቻ መሆኑ ነው። በዚያው ሳምንት ለኦዌሪና ለካላባር ክፍለ ሀገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቢወጣ ኖሮ፣ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ወረቀት ፍለጋ አይሰለፍም ነበር። ሴቶቹ በገበያ ሰንሰለት ሲነጋገሩ አስተዳደሩ ቦታ በቦታ ይመልስ ነበር።

ከግጭቱ በኋላ ያለው እርምጃ የተደበላለቀ ነው። ምርመራ ሳይጠናቀቅ በየመንደሩ የጋራ ቅጣት ተጣለ፤ ይህ ለጥፋት ያልወጣውንም አስከፈለ። በ1930 በናይጄሪያ ዋና ዳኛ የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ400 በላይ ምስክሮች ሰማ። ሁለት ናይጄሪያውያን የሕግ ባለሙያዎች በአባልነት ነበሩ፤ ሴት ግን አልነበረችም። ኮሚሽኑ ዋናው መነሻ ሴቶች ግብር ይጣልባቸዋል የሚለው እምነት መሆኑን፣ በሹሞችና በፍርድ ቤቶች ላይ ያለው ምሬትም እንዳባባሰው ገለጸ።

ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ በ1900ዎቹ መጀመሪያ መደረግ የነበረበትን ሥራ ጀመረ። መኮንኖች በየጎሳው ስለ አገሩ አስተዳደር ጥናት ጻፉ፤ ከ200 በላይ ዘገባዎች ተዘጋጁ። ገዥው ካሜሮን በ1933 ባወጣቸው ሕጎች የወረቀት ሹመት ቀርቶ፣ ብዙ ሰዎች የሚቀመጡባቸው ችሎቶችና የጎሳ ምክር ቤቶች መጡ። በጥቂት ቦታዎች ሴቶች በችሎት ተቀመጡ። ነገር ግን በራስ ኃይል መቅጣት ወንጀል ስለተደረገ የሚስቶች ማኅበር ዋና መሣሪያው ተወሰደበት፤ በምትኩ የተሰጠው መቀመጫ ደግሞ ጥቂት ነበር።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰዱ ትምህርቶች

*ትእዛዙ የሚያልፍበትን ሰንሰለት ጻፍ።* እዚህ ሰንሰለቱ ከአስተዳዳሪ ወደ ሹም፣ ከሹም ወደ መምህር፣ ከመምህር ወደ ሴትየዋ ነበር። በመጨረሻው ጫፍ የቆመው ሰው «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ቆጣሪ ሲሰማራ የመጠይቁን ዓላማ፣ በመረጃው ምን እንደማይደረግ፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ በቃሉ መመለስ መቻሉ ከመስክ በፊት ይፈተን። መመለስ ካልቻለ አይውጣ።

*ለስሌት የማይገባ ዓምድ አትክፈት።* ነዋሪው ቅጹን የሚያነበው በውስጡ ባሉት ጥያቄዎች ነው። ፍየል ከጠየቅክ በፍየል ላይ ልታስከፍል ነው ብሎ ይወስዳል፤ ያለፈው ልምዱም ያንኑ ይነግረዋል።

*ያለፈውን ቆጠራ ታሪክ አጣራ።* ቀደም ሲል በዚያ ቦታ የተቆጠረ ነገር ካለ፣ ከቆጠራው በኋላ ምን መጣ? ይህን ከጽሕፈት ቤት መዝገብ ይልቅ የገበያ ነጋዴ ሴቶች አስተካክለው ይነግሩሃል። መልሱ መጥፎ ከሆነ፣ ማብራሪያው ከቅጹ ቀድሞ መሄድ አለበት።

*በመዋቅር ሠንጠረዥ ላይ የማይታየውን ማኅበር ፈልግ።* በእኛ አገር እድሩን ሳያናግር ቀበሌ የገባ ሠራተኛ የሚገጥመውን ያውቃል። በኢግቦ አገር ሁለት ጥያቄ ብቻ በቂ ነበር፦ ሚስቶቹ የት ይሰበሰባሉ? ሚስቱን የሚደበድብ ወንድን ማን ይቀጣዋል? ሁለቱም መልሶች ወደ አንድ ተቋም ያመለክቱ ነበር።

*የተቃውሞውን ደንብ ከመልኩ ለይ።* አመድ የተቀባ ፊትና የሚጮኽ ዘፈን የሚያስፈራው ደንቡን ለማያውቅ ነው። መጠየቅ ያለበት፦ እነዚህ ሰዎች ምን ሲፈጸም ይበተናሉ? ለኦሎኮው አስተዳዳሪ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ኦፖቦ ላይ ግን የመበተኛው ነገር በጽሕፈት መኪናው ላይ እያለ መሣሪያ ተወጠረ። ጽሑፍ ለሚጠይቅ ሕዝብ ጽሑፉ ከስብሰባው በፊት፣ ለየመንደሩ በሚበቃ ቅጂ ተዘጋጅቶ ይቅረብ። በሚጠበቅበት ሰዓት የተሰበሰበውን ሰው ከጠባብ አጥርና ከታጠቀ ሰው አርቆ በሰፊ ሜዳ ማስቀመጥም የአደራጁ ሥራ ነው።

*ማሻሻያውን ከጥያቄው ዝርዝር ጋር አመሳክር።* የ1933ቱ ሕጎች የሹሞቹን ጉዳይ መለሱ። በኦፖቦ ዝርዝር ላይ የነበረው የወንዶች ግብር ግን ቀጠለ፤ የሴቶች መቀመጫም በጥቂት ቦታዎች ተወሰነ። በ1938 በኦኪግዌና በቤንዴ በኩል ግብርን የሚቃወሙ ሴቶች እንደገና ወጡ፤ በ1940ዎቹም በዘይት መጭመቂያ ፋብሪካዎች ላይ ተመሳሳይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ፋብሪካው አስኳሉን ከሴቶቹ እጅ ይወስዳል የሚል ስጋት ነበርና።